ጎርፍ ቤትህ አልገባም፤ አንተ ነህ ጎርፍ ቤት የገባኸው

ሐምሌ ሲገባ ባህር ዳር ላይ ሁለት ነገር ይበዛል፤ ዝናብና ሰበብ። ዝናቡን እግዜር ያውቅበታል። ሰበቡን ግን የፈጠርነው እኛ ስለሆንን መልስ መስጠትም የእኛው ፋንታ ነው። ከእንግዳ እስከ ነዋሪ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚባለውን አንድ ባንድ ልመልስ። ቅር የሚለው ሰው ካለ፣ ቅር እንዳለው አካፋ ያንሳና የደጁን ቦይ ይጥረግ።

«በክረምት ባህር ዳር ሄጄ ምን ልሠራ? ጭቃ ልቆጥር?» ይላል የአዲስ አበባው ወዳጄ።

የጢስ አባይን ፏፏቴ በሚያዝያ ሄደህ አይተህ «ይቺ ናት እንዴ?» ብለህ የተመለስከው አንተ አይደለህም? በበጋ ውሃው ለኃይል ማመንጫ ይጠለፋል፤ ገደሉም ይራቆታል። አባይ ገደሉን ከዳር እስከ ዳር የሚለብሰው ክረምቱ ሲበረታ፣ ከነሐሴ ወዲያ ነው። ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ መጥተህ እየው። ግን ቦቲህን ይዘህ ና። ከዓመቱ ዝናብ ግማሽ ያህሉን ሐምሌና ነሐሴ ብቻቸውን በሚያወርዱበት አገር ነጭ ስኒከር አድርጎ መጥቶ ከተማዋን መራገም ነውር ነው።

«ጃንጥላ አይበቃም?»

ጃንጥላ ከላይ ለሚመጣው ነው፤ የባህር ዳር ጣጣ ከታች ነው።

«ዘንድሮማ ዝናቡ ከልክ አለፈ፤ ጎርፉን ያመጣብን እሱ ነው» ይላሉ ጋሼ፣ ከሱቃቸው ወለል ላይ ውሃ በመጥረጊያ እየገፉ።

ጋሼ፣ ከባድ ዝናብንማ አባትዎም ያውቁት ነበር። ይልቅ የደጅዎን ቦይ ክዳን አንሥተን እንይ። ሃይላንድ አለ፣ ፌስታል አለ፣ የጫት ገረባ አለ፤ ከሥር ደግሞ ከላይ ካለው ግንባታ ታጥቦ የወረደ አሸዋ ተጋግሯል። ከአንድ ክንድ ጥልቀት የተረፈው አንድ ስንዝር ነው። ባህር ዳር ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ውሃው ተንደርድሮ የሚሄድበት ቁልቁለት የላትም። ጥቁር አፈሩም አንዴ ከጠገበ በኋላ ጠብታ አይቀበልም። እንግዲህ ያለው መውጫ ቦዩ ብቻ ነው፤ እሱ ሲዘጋ አስፋልቱ ቦይ ይሆናል፣ ሱቅዎ ደግሞ ማጠራቀሚያ። መንገዱን ለዘጉበት ውሃ በርዎን ከፍተው ሰጡት እኮ!

«ቦይ መጥረግ የመንግሥት ሥራ ነው!» ይላል ጎረምሳው፣ ባዶ ጠርሙሱን እዚያው ቦይ ውስጥ እየወረወረ።

መጥረጉስ የመንግሥት ይሁን፤ መጣሉን ለአንተ ማን ሰጠህ?

«ሕዝቡ እኮ ነው ቆሻሻ እየጣለ ያስቸገረን!» ይላል ደግሞ ባለሥልጣኑ።

ሕዝቡ መልሱን ሰምቷል፤ ያንተን ደግሞ ስማ። ቦይ የሚጠረገው ግንቦት ላይ ነው። ሐምሌ ላይ፣ ሰው ፍራሹን ጠረጴዛ ላይ ከጫነ በኋላ፣ አካፋ ይዞ ፎቶ መነሳት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ነው። የተጠረገው ደለልም ዕለቱን በመኪና ተጭኖ መሄድ አለበት። ቦዩ ዳር ከምራችሁት ከሄዳችሁ የመጀመሪያው ዶፍ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ያኔ የሠራተኛው ድካምም የሕዝብ ገንዘብም አብሮ ተመልሶ ይገባል።

«ጣና ሞልቶ ነው ያጥለቀለቀን።»

የጣናን ስም አታጥፋ! ሐምሌ ላይ ሳሎንህ የገባው ከጣሪያህና ከአስፋልትህ የወረደ ውሃ ነው። ሐይቁ ያኔ ገና እየሞላ ነው። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ያመጡለትን ሁሉ ተቀብሎ ጥግ የሚደርሰው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ በመስከረም ውስጥ ነው። መሙላቱም የተፈጥሮ ብቻ አይደለም። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ከ1988 ዓ.ም ጀምሮ በር ያለው ግድብ ተሠርቷል፤ ከ2002 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ የሐይቁን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይወስዳል። የሰው እጅ የገባበት ውሃ ከሆነ ዘንድ፣ በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ክፍል ከዳር ላለው ገበሬ አስቀድሞ መናገር አለበት። ገበሬው የውሃውን ልክ ማሳው ውስጥ ቆሞ መለካት የለበትም።

«ረግረጉ እኮ ባዶ መሬት ነው፤ ቢሠራበት ምን አለ?» ይላል ካርታውን በእጁ የያዘው።

ባዶ? ደንገሉ የማን ነው? የወይጦ ማኅበረሰብ ታንኳ ሠሪ የሚያጭደው፣ ዓሣው የሚራባበት፣ ወፉ የሚያድርበት ቦታ ባዶ ነው? ረግረግ የክረምቱን ውሃ ተቀብሎ ያቆየዋል፤ ደለሉን አስቀርቶ ቀስ ብሎ ወደ ሐይቁ ይለቀዋል። ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መረብ ውስጥ ያስገባው ዳሩ በገረጋንቲ እንዲደፈን አይደለም። አንተ ደፍነህ፣ አጥር አጥረህ፣ ቪላ ሠርተህ፣ ነሐሴ ላይ «ጎርፍ ቤቴ ገባ» ብለህ ትጮሃለህ። ጎርፍ ቤትህ አልገባም፤ አንተ ነህ ጎርፍ ቤት የገባኸው። እሱ የቆየ ባለይዞታ ነው።

«ግባ ወንድሜ፣ ትንሽ ውሃ ናት፣ እናልፋታለን!» ይላል የባጃጁ ሹፌር።

የምትታየውማ ትንሽ ናት፤ የማይታየውን ማን ለካልህ? ድፍርስ ውሃ ሲለብሰው አስፋልቱና ክዳኑ የተነሣ ቦይ አንድ ይመስላሉ። ባጃጅ ደግሞ ቀላል ናት፤ የሚሮጥ ውሃ ጎኗን ካገኛት ትንሳፈፋለች። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የተባለው እንዲህ ላለው መንገድ ነው። ዶፉ እስኪያባራ ሻይ ጠጣ፤ ሒሳቡን እኔ እከፍላለሁ። እንግዳዬ ሆይ፣ አንተም ልብ በል፦ ዝናቡ የሚበረታው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓትና ማታ ነው። ጉዳይህን በጠዋት ጨርስ፤ ውሃ በተኛበት መንገድ ላይ የኤሌክትሪክ ምሰሶ አትደገፍ።

«ላይፍ ጃኬት አያስፈልግም፤ ጣና ሐይቅ እንጂ ባሕር አይደለም» ይላል ወደ ዘጌ የሚወስደው ጀልባ ነጂ።

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታ ግን 15 ሜትር አካባቢ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል። አንተ ዋናተኛ ነህ፤ ተሳፋሪህ ግን ከደብረ ብርሃን የመጣች እናት ናት። ጃኬቱን አምጣላት፤ ከሌለህ ገንዘቧን መልስላት።

«የጣና ዳሩ የፎገራ ሰውማ ጎርፍ ለምዷል።»

ውሃውን ለምዷል፤ ሩዙንም በዚያው በሚተኛው ውሃ ያበቅላል። መፈናቀልን ግን ማን ይለምዳል? በ1998 ዓ.ም ክረምትና በ1999 መግቢያ ርብና ጉማራ ከአልጋቸው ወጥተው፣ ሐይቁም ሞልቶ፣ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደምቢያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ወጣ። በዚያው ክረምት ድሬዳዋ ላይ በሌሊት የደረሰው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገደለ፤ ዝናቡ የዘነበው ከከተማዋ በላይ ባለው ተራራ ነበር። ጎርፍ ከላይ ከተራቆተው ዳገት ተነሥቶ ይመጣል። ዳገቱ አፈሩን ይለቃል፣ አፈሩ የወንዙን አልጋ ይሞላል፣ ወንዙ ማሳ ውስጥ ይገባል። «ለምዷል» ብሎ ከመቀመጥ ወደ ላይ ወጥቶ እርከን መሥራትና ዛፍ መትከል ይሻላል።

«መስከረም ጠባ፣ ተገላገልን!»

አልተገላገልክም፤ ተረኛው ተቀየረ እንጂ። ዝናቡ ሄዶ ያቆረው ውሃ ሲቀር ወባ ትመጣለች፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር የምትበረታበት ወቅት ነው። አጎበሩን ከሣጥን አውጣና ስቀለው፤ ለእንግዳህም ስጠው። የጓሮህን ጎማና ጣሳ ገልብጥ። ጎርፍ የነካውን የጉድጓድ ውሃ ሳታፈላ አትጠጣ፤ ለልጅም አታጠጣ።

ነገሩን ልቋጨው። ዝናብ ለዚህች ከተማ ዘንባባዋ፣ ፏፏቴዋ፣ ሐይቋና እንጀራዋ ነው፤ ያለ እሱ ባህር ዳር ባህር ዳር አይደለችም። ጥፋተኛው የተደፈነው ረግረግና የታፈነው ቦይ ነው፤ የደፈነውም ያፈነውም ሰው ነው። ሰው ያበላሸውን ሰው ያስተካክላል። እንግዶች፣ በክረምት ኑ፤ ቦቲና ትዕግሥት ይዛችሁ ኑ። የከተማዋ ልጆች፣ የሚመጣውን ሐምሌ በግንቦት ጠብቁት፤ እያንዳንዱ ቤት ከደጁ ፊት ያለውን ቦይ ቢጠርግ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ደለሉን ዕለቱን ቢያነሳ፣ ሰበቡ ግማሹ ያልቃል። የቀረውን ግማሽ ለመጨረስ ረግረጉን ለውሃው ተዉለት።