ለራስ ሲቆርሱ፦ የፒክልቦል ደረጃዎን ስለ መመደብ የቀረበ ምክር

ፓድሉን ገዝተዋል፤ ጫማውንም ገዝተዋል። የቀረዎት ቁጥር ነው። አሜሪካ ውስጥ ወደ አንድ የፒክልቦል ሜዳ ጠጋ ሲሉ ስምዎን እንኳ ያልጠየቀ ሰው «ደረጃዎ ስንት ነው?» ይልዎታል። መልሱ «ደህና እጫወታለሁ» አይደለም፤ 3.0 ወይም 3.5 ወይም 4.0 ነው። ብዙ ጀማሪ ለዚህ ጥያቄ ሳይሰናዳ ሰርቭ ሲለማመድ ይከርማል። ይህ የጊዜ ብክነት ነው። የተበላሸ ሰርቭ ወዲያው ይረሳል፤ ከአፍ የወጣ ቁጥር ግን ክረምት ከበጋ ይከተልዎታል። እንግዲህ ምክራችን ስለ አመታት ሳይሆን ስለ አመዳደብ ነው፤ በጥሞና ያንብቡት።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። ፒክልቦል የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1965 በዋሽንግተን ግዛት፣ ከሲያትል ማዶ ባለችው የቤይንብሪጅ ደሴት ነው። በኋላ የአሜሪካ ኮንግረስ አባል የሆነው ጆኤል ፕሪቻርድና ወዳጁ ቢል ቤል፣ ቤተሰቦቻቸው ሥራ ፈትተው ተሰላችተው ቢያገኟቸው፣ ግቢው ውስጥ ባለው የባድሜንተን ሜዳ ላይ የፒንግ ፖንግ መምቻና ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ኳስ ይዘው አዲስ ጨዋታ ፈጠሩ። ባርኒ ማክካለም የተባለው ጓደኛቸውም ተጨመረበትና ሕጎቹን አብሮ አወጣ። ያን ቀን «ደረጃህ ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ በዓለም ላይ ያለው ተጫዋች ሁሉ ጀማሪ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2022 ዋሽንግተን ጨዋታውን የግዛቷ ይፋዊ ስፖርት አደረገችው። ዛሬ ሲያትል የሚኖር ሐበሻ ጀልባ ተሳፍሮ የትውልድ ደሴቱን ተሳልሞ መመለስ ይችላል፤ ደረጃ ግን ከዚያ ይዞ አይመለስም።

ደረጃ ለምን አስፈለገ ቢሉ፣ በዚህ ጨዋታ መልክ ስለማይመሰክር ነው። ሜዳው 20 ጫማ በ44 ጫማ ብቻ ነው። ሰርቭ ከወገብ በታች ይመታል። ከመረቡ በሁለቱም ወገን 7 ጫማ የሚሆነው ሥፍራ «ኪችን» ይባላል፤ እዚያ ቆሞ መሬት ያልነካችን ኳስ መምታት ክልክል ነው። ስለዚህ ጉልበት ብቻውን አያዋጣም። ከጂም በቀጥታ የመጣ ጎረምሳ ጉልበታቸውን በፋሻ ባሰሩ ሴትዮ 11 ለ 2 ሲሸነፍ ማየት ብርቅ አይደለም። ሰውን አይቶ መገመት ስለማይቻል ቁጥር ተፈለገ፤ ቁጥሩንም የሚያወጣው በአብዛኛው ባለቤቱ ራሱ ሆነ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ የሚለው ብሂል አሜሪካ የገባው በዚህ በኩል ነው።

መሰላሉን ይወቁት። የአገሪቱ የስፖርቱ የበላይ አካል ዩኤስኤ ፒክልቦል ለየእርከኑ መግለጫ አውጥቷል። ከ2.5 በታች ያለውን እንለፈው፤ ማንም ነኝ ብሎ አያውቅም። 2.5 ኳሷን ለጥቂት ጊዜ ማመላለስ የቻለና የነጥብ አቆጣጠሩ የገባው ነው። 3.0 መካከለኛ ፍጥነት ያላትን ኳስ ይመታል፤ ወዴት እንደምትሄድ ግን እሱም እንደ እኛው ቆሞ ያያል። 3.5 ዲንክ ጀምሯል፤ ማለትም ኳሷን መረቡን ለጥቂት አሻግሮ ተጋጣሚው ኪችን ውስጥ ቀስ አድርጎ ያሳርፋል፤ ትዕግሥቱ ቶሎ ስለሚያልቅ ግን አራተኛዋን በኃይል ይመታና መረብ ላይ ይሰቅላታል። 4.0 ኳሷን ወደሚፈልገው ቦታ በሚፈልገው ፍጥነት ይልካል፤ ማንም ሳያስገድደው የሚሳሳተው ጥቂት ነው። 4.5 እና 5.0 ደግሞ የተጋጣሚያቸውን ድክመት አንብበው በጨዋታው መሐል ስልት ይቀይራሉ። እርስዎ ከእነዚህ የትኛው ነዎት? ለመወሰን የሚከተሉትን ይፈጽሙ።

አንደኛ፣ መሰላሉን ከላይ ወደ ታች ያንብቡ። ከ5.0 ይጀምሩና «ይህንንስ አንድ ቀን አድርጌዋለሁ» የሚሉበት እርከን ሲደርሱ ይቁሙ። መግለጫው ውስጥ «ዘወትር» ወይም «በአስተማማኝ ሁኔታ» የሚል ቃል ካጋጠመዎት ይዝለሉት። ባለፈው ዓመት አንዲት ኳስ በመስመሩ ጠርዝ አሳልፈው ሜዳው በሙሉ አጨብጭቦልዎት ከሆነ፣ ደረጃዎ እሷ ናት፤ ሌሎቹ ኳሶች አጋጣሚ ናቸው።

ሁለተኛ፣ ድልንና ሽንፈትን ለየባለቤቱ ያስረክቡ። ፒክልቦል በአብዛኛው ሁለት ለሁለት የሚጫወቱት መሆኑ ለዚህ እጅግ ይመቻል። ካሸነፉ እርስዎ ነዎት፤ ከተሸነፉ አጋርዎ ነው። አጋርዎ ጥሩ ተጫዋች መሆኑን ሁሉም ካወቀ ነፋስ አለ። ነፋስ ባይኖር ኳሱ አለ፤ ለውጭ ሜዳ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ 40 ቀዳዳ፣ ለአዳራሽ የሚሆነው 26 ቀዳዳ ስላለው፣ በአንዱ ሲሸነፉ በሌላው የተካኑ መሆንዎን ይግለጹ።

ሦስተኛ፣ ከእጅዎ በፊት ምላስዎን ያሠልጥኑ። የጨዋታው ከባዱ ነገር ሦስተኛው ምት ነው። ሰርቩ ተመትቶ፣ ተመልሶ፣ ኳሷ እንደገና ሰርቭ ወደመታው ቡድን ስትመጣ ከሜዳው ጫፍ ሆነው በለስላሳው የተጋጣሚዎ ኪችን ውስጥ መጣል አለብዎት፤ ይህ ከተሳካ እርስዎና አጋርዎ ወደ መረቡ ትጠጋላችሁ። ለመልመድ ወራት ይፈጃል። ስለ እሱ ለማውራት ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል፤ እግርን አጣምሮ «ዛሬ ሦስተኛዬ አልመጣልኝም» ማለት ብቻ ከግማሽ እርከን ያላነሰ ክብር ያስገኛል።

አራተኛ፣ በድፍረትዎ አይሸማቀቁ፤ ብቻዎን አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1981 ኦላ ስቬንሰን የተባለ ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስለ መኪና ማሽከርከር ችሎታቸው ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ከአሜሪካውያኑ ተጠያቂዎች 93 ከመቶው ከመካከለኛው በላይ ነን አሉ። ሁሉም ከመካከለኛው በላይ በሆነበት አገር 3.0 ነኝ ማለት አጉል መለየት እንዳይሆንብዎ ይጠንቀቁ።

ይህን ሁሉ ሊያፈርስ የሚችል አንድ ጠላት አለ፤ ሰዎች «ዱፐር» (DUPR) የሚሉት የደረጃ ማስያ ሥርዓት ነው። ከ2.000 እስከ 8.000 በሚሄድ መለኪያ፣ እስከ ሦስት አሐዝ ክፍልፋይ ድረስ ሰውን ይመዝናል። የሚጠይቀው ውጤት ብቻ ነው፤ ከማን ጋር ሆነው፣ በማን ላይ፣ ስንት ለስንት። ደካማ ተጋጣሚን በሰፊው ማሸነፍ ሲጠበቅብዎ በጭንቅ ካሸነፉ፣ አሸንፈውም ቁጥርዎ እንደጠበቁት ላያድግ ይችላል። ይባስ ብሎ ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚታመን የሚናገር ሌላ ቁጥር አለው። ነፋስን አይሰማም፤ አጋርዎንም በስሙ ያውቀዋል። 3.118 ብሎ ቢፈርድብዎ፣ «3.5 አካባቢ ነኝ» ይበሉ፤ «አካባቢ» ሰፊ አገር ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላልና፣ እርስዎም የመጀመሪያውን ቁጥርዎን ይዘው ይጽኑ።

ለእኛ ሰው ግን የተለየ ማሳሰቢያ አለ። የሐበሻ ችግር ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ስንት ነህ ሲባል ይሉኝታ ይይዘውና «ኧረ እኔ ምንም አልችልም፤ እንዲያው ለመንቀሳቀስ ብዬ ነው» ይላል። ፈረንጁ ቃል በቃል ያምነዋል፤ ከጀማሪዎች ጋር ይመድበዋል። ከዚያ ያ ምንም የማይችለው ሰው ኳሷን እንደ ገና ጨዋታ ጥንግ ይለጋታል፤ ሦስት ጡረተኞች ውሃ ፍለጋ ይሄዳሉ። በሠፈር ጨዋታ ይህ እንደ ትሕትና ይታለፍ ይሆናል። ውድድር ላይ ግን ለሜዳሊያ ሲባል ዝቅ ብሎ መመዝገብ ነውር ነው፤ የሚያደርጉትንም ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ሰላምታው ቀዝቀዝ ሲል ይገባዎታል።

እስካሁን የተባለውን ሁሉ ፈጽመው አሁንም እውነቱን የማወቅ ድክመት ካለብዎ፣ መንገዱ አጭርና ነጻ ነው። ከአንድ ተጫዋች ጋር በኪችኑ መስመር ፊት ለፊት ቆማችሁ ዲንክ ብቻ ተቀባበሉ፤ እስክትሳሳቱ ድረስ ቁጠሩ። ደጋግማችሁ ቁጠሩና የበዛውን ሳይሆን የተለመደውን ውሰዱ። ቀጥሎ ሰርቭዎ ከአሥር ስንቱ ሜዳ ውስጥ እንደሚያርፍ፣ ስንቱስ ወደ ኋላ መስመር ጠጋ እንደሚል ይመልከቱ። በሙያው ሰውን የሚመዝኑ ሰዎችም የሚያዩት ይህንኑ ነው፤ ቆንጆውን ምት ሳይሆን ቀላሏን ኳስ ስንት ጊዜ እንደሚያበላሹ።

ቆጠራውም ከሰለቸዎ ኳሷን ይከተሉ። ሁለት ለሁለት ሲጫወቱ ተጋጣሚዎች ከሁለታችሁ ደካማውን ለይተው ለእሱ ይልካሉ። ይህን ለማወቅ ዱፐርም መግለጫም አያስፈልጋቸውም፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት ነጥቦች ይበቋቸዋል። ኳሷ ዛሬ አሁንም አሁንም ወደ እርስዎ የምትመጣ ከሆነ፣ ሰው ስለወደደዎ እንዳይመስልዎ። ፍርዱ ተሰጥቷል፤ ያልሰሙት እርስዎ ብቻ ነዎት።

እንግዲህ የመጨረሻው ምክር ይህ ነው። ውድድር ሲመዘገቡ ያለዎትን ቁጥር ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይጻፉ። መናፈሻ ሜዳ ላይ ሲጠየቁ ግን ካሰቡት ግማሽ እርከን ዝቅ ብለው ይናገሩ፤ ከቃልዎ በላይ ሆነው ቢገኙ የሚቀጥለው ጨዋታ ላይ ያስተካክሉታል። ከቃልዎ በታች ሆነው ከተገኙ ግን ሦስት ሰዎች 11 ነጥብ እስኪሞላ አብረውዎ ይታሰራሉ፤ ያውም በሁለት ልዩነት ካልሆነ አያልቅም።