ጀልባዎ በበረዶ ወራት ሲጎዳ፦ ነገሩን የባሰ ለማድረግ የሚረዳ የተሟላ መመሪያ

ሚኒሶታ በመኪና ታርጋዋ ላይ «10,000 ሐይቆች» ብላ ትጽፋለች። ይህ ትሕትና ነው፤ ከ10 ኤከር የማያንሱት ብቻ ሲቆጠሩ 11,842 ናቸው። በዚህ ሁሉ ውሃ መካከል የሚኖር ሰው፣ የደጋ ሰው እንኳ ቢሆን፣ አንድ ቀን ያገለገለ ጀልባ ገዝቶ ጓሮው ማቆሙ አይቀርም። ሐይቆቹ ግን በየዓመቱ ለወራት በበረዶ ይዘጋሉ፤ ጀልባውም ከውሃ ወጥቶ አየሩ እስኪሞቅ ይከርማል።

ጀልባን በደህና ስለ ማክረም የሚመክር ሞልቷል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ሌላውን መንገድ ለሚከተሉት፣ ማለትም ለብዙኃኑ ነው። መርሑ አንድ ብቻ ነው፦ አይዩ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት የሚሠራው ጥፋት ሁሉ ከዚህ ይመነጫል፤ የቀረው ዝርዝር ነው።

ጥቅምት፦ ጉዳቱን ማዘጋጀት

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል። ጀልባ ላይ ግን የሚያስለቅሰው ያልፈሰሰው ነው። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ መስፊያ ቦታ ሲያጣ የሞተሩን ሞኖብሎክ፣ ያን የሚያህል ብረት፣ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ውሃውን እንዳያፈሱት። በተለይ ሞተሩ ሆዱ ውስጥ የተቀመጠ ጀልባ ካለዎት ዕድለኛ ነዎት፤ የሐይቁን ውሃ እየሳበ የሚቀዘቅዝ ሞተር በየጓዳው ውሃ ይዞ ይቀራል።

የሰው ወሬ አላስቀምጥ ብሎዎት ከሞኖብሎኩ ጎን ያለውን የማፍሰሻ ቡሎን ከፈቱና ጠብ የሚል ነገር ካጡ፣ «ደርቋል» ብለው መልሰው ይሰሩት። ቀዳዳው ብዙ ጊዜ በዝገትና በአሸዋ ይደፈናል፤ ውሃው ከጀርባው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ቀጭን ሽቦ ከትቶ መጎርጎር የተጠራጣሪ ሰው ጠባይ ነው፣ ለእርስዎ አይመጥንም። ጎረቤትዎ ደግሞ «ሞኖብሎኩ ላይ ያሉት ክብ የቆርቆሮ ቡሾች በረዶ ሲገፋቸው ተፈናጥረው ሞተሩን ያድኑታል» ካለዎት ይመኑት። እነዚያ ቀዳዳዎች የተተዉት ብረቱ ፋብሪካ ውስጥ ሲፈስ ቅርጹን የያዘውን አሸዋ ለማውጣት ነው። አንዳንዴ ያድናሉ፤ ሎተሪም አንዳንዴ ይወጣል።

ሮዝ ቀለም ያለውን አንቲፍሪዝ አንድ ጋሎን ይግዙ። ላዩ ላይ «-50» የሚል ያያሉ። ቁጥሩ በፋራናይት ነው፤ የሚናገረውም ቧንቧ ሳይፈነዳ የሚቆይበትን ልክ እንጂ ፈሳሹ ሳይረጋ የሚቆይበትን አይደለም፤ መርጋቱን የሚጀምረው ከዚያ እጅግ ቀድሞ ነው። ልኩም የተነገረው ውሃ ላልተቀላቀለበት ነው። እርስዎ ባልፈሰሰው ውሃ ላይ ይቀላቅሉት፤ ከኋላ ሮዝ ነገር ሲወርድ «በቃ» ብለው ሞተሩን ያጥፉ። ቴርሞስታቱ ገና አልሞቀም፣ አልተከፈተም፤ ሮዙ ፈሳሽ ሞኖብሎኩን ሳይጎበኝ በአቋራጭ ወጥቷል። ሰሜን ሚኒሶታ ውስጥ ታወር በምትባል ከተማ አካባቢ በፌብሩዋሪ 2፣ 1996 ብርዱ -60 ፋራናይት መድረሱን የሚያነሳ ሰው ካለ፣ ጨዋታ ይቀይሩ።

ከኋላ የሚንጠለጠል ሞተር ያለው ሰው ደግሞ ሥራ ይበዛበታል፤ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ከቆመ ውሃው በራሱ ይወጣልና። መፍትሔው ወደ ላይ አጋድሞ መተው ነው። ያኔ ዝናብና የቀለጠ በረዶ ፕሮፔለሩ አካባቢ ይጠራቀምና ሌሊት ሲረጋ የታችኛውን ካምቢዮ የመሰንጠቅ ዕድል ያገኛል። የካምቢዮውን ዘይትም አይቀይሩ። ቢቀይሩ ማኪያቶ መስሎ ሲወርድ ያያሉ፤ ያ ማለት በበጋው የተጠመጠመ የዓሣ ማጥመጃ ክር የፕሮፔለሩን ዘንግ ጎሚኒ በልቶ ውሃ አስገብቷል ማለት ነው። ቀላል ሥራ ሠርቶ እንዲህ ያለ ዜና መስማት ምን ያደርጋል?

ቤንዚኑን ግማሽ ታንክ አድርገው ምንም ሳይጨምሩበት ይተዉት፤ ኢታኖል ያለበት ስለሆነ እርጥበት ጠጥቶ ይለያይና ውሃው ታች፣ የሞተሩ ቱቦ ከሚስብበት ቦታ ይተኛል። ባትሪውን አይፍቱት። ሙሉ ቻርጅ ያለው ባትሪ የሚኒሶታን ብርድ ይችላል፤ ባዶው ግን ከዜሮ በታች 7 ሴንቲግሬድ አካባቢ ይረጋል። ሬዲዮውን ሳያጠፉ መሄድ ይበቃል። ከመቀመጫው ሥር ከበጋው የተረፈ አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎም ይተዉ። አይጦች መጀመሪያ ዳቦ ቆሎውን፣ ቀጥሎ ስፖንጁን፣ መጨረሻ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦውን ይበላሉ፤ የምግብ ቅደም ተከተል ያውቃሉ።

አሁን ይሸፍኑት። የሚኒሶታ ሕግ ጀልባ በመንገድ ሲጎተት የማፍሰሻው ቡሽ ተነቅሎ እንዲቆይ ያስገድዳል፤ ወራሪ ፍጥረታት በውሃው ተሸሽገው ከሐይቅ ወደ ሐይቅ እንዳይጓዙ ነው። ስለዚህ ቤት እንደደረሱ ቡሹን መልሰው ይክተቱት፤ አለበለዚያ የሚገባው ውሃ ሁሉ በከንቱ ይወጣል። ርካሽ ሰማያዊ ሸራ ያለ ምሰሶ ዘርጋ አድርገው ጣል ያድርጉበት። በረዶው መሐሉ ላይ ሲከመር ሸራው ይጎደጉዳል፣ ይቀደዳል፣ የተሸከመውንም ሁሉ ወደ ውስጥ ያራግፋል።

ጀልባዎ ትልቅ ሆኖ በማቆያ ግቢ በብረት ድጋፎች ላይ ከቆመ፣ የሸራውን ገመድ ከድጋፎቹ ጋር ይሰሩት። ነፋስ ሸራውን ባራገበ ቁጥር ድጋፉ ትንሽ ትንሽ ይነቃነቃል። የግራና የቀኙ ድጋፍ በሰንሰለት ካልተያያዘ ደግሞ አንድ ሌሊት ሹልክ ብሎ ይወጣል። ጀልባዎ ጎረቤቱ ላይ ይጋደማል፤ እሱም ቀጣዩ ላይ። በአንድ ገመድ ይህን ያህል ሰው መተዋወቅ በሌላ መንገድ አይገኝም።

ሚያዝያ፦ ጉዳቱን ማግኘት

ሸራው ይገለጣል። የጀልባው ወለል ላይ ቡናማ ውሃ፣ ሞኖብሎኩ ጎን ላይ ወደ ታች የወረደ ቀጭን የዝገት መስመር አለ። ባለሙያ ቢያየው ያ መስመር ስንጥቅ መሆኑን ያውቃል፤ እርስዎ በጨርቅ ይጥረጉት። ፎቶ አያንሱ። ፎቶ ቀን ይይዛል፣ ቀን ደግሞ ኋላ ላይ ታሪክ ለማሳመር አይመችም።

ቀጥሎ ሞተሩን ያስነሱ። ዘይቱን መለኪያ አውጥቶ ማየት ሰበብ ፍለጋ ነው። ስንጥቁ ወደ ውስጥ ከሆነ ውሃ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሏል፤ ሞተሩ በዞረ ቁጥር ድብልቁ እስከ መጨረሻዋ ኩሽኔት ይዳረሳል። ሳይነሳ ቢቆም አንድ ነገር የሚጠገንበትን አጋጣሚ፣ እርስዎ በቁልፍ ብቻ ወደ ሙሉ ሞተር ቅየራ ያሳድጉታል። እንቢ ካለ ደጋግመው ይሞክሩ።

መጨረሻ ላይ መካኒክ ይጠራል። የአገር ልጅ ከሆነ በአክብሮት ይጠይቅዎታል፦

«ጋሼ፣ ከበረዶው በፊት ውሃው ወጥቶ ነበር?»

«ኧረ ልጄ፣ እኔ እኮ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው የማስቀምጠው።»

«ካንዴላውስ መቼ ነው የተፈታው?»

«እሱ ፋብሪካው እንዳሰረው ነው!»

ልጁ ዝም ብሎ ካቻቢቴውን ወደ ሳጥኑ ይመልሳል። ይህን ዝምታ እንደ አድናቆት ይውሰዱት።

ጥፋተኛ ፍለጋ

ጀልባው የተጎዳው ማቆያ ግቢ ውስጥ ከሆነ፣ ሲያነሱት ተመትቶ ወይም ድጋፉ ወድቆ፣ ሁለት መንገድ አለ፤ ሁለቱም የትም አያደርሱም። አንደኛው ይሉኝታ ነው። ባለቤቱ «ይቅርታ፣ ትንሽ ተጭሯል» ሲልዎት «ምንም አይደል፣ ያጋጥማል» ብለው ጀልባውን እየጎተቱ ይሂዱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስንጥቁን ሲያገኙ፣ ጉዳቱ በግቢው ውስጥ ይድረስ በመንገድ ላይ የሚለይ ነገር የለም። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀን መጮህ ነው፦ ሳያረጋግጡ፣ ሳይጽፉ፣ ሰው ባለበት። ከዚያ በኋላ የግቢው ሰዎች ከጠበቃቸው በስተቀር ከማንም ጋር እንዲነጋገሩ አይጠብቁ።

ከሁለቱ መካከል ያለውን፣ ቆሞ ፎቶ አንስቶ፣ የድጋፉን አቀማመጥና የሸራውን ገመድ ሳይቀር መዝግቦ፣ በዚያው ቀን ለግቢውም ለኢንሹራንሱም በጽሑፍ ማሳወቅን አንመክርም። ጉዳዩን ያሳጥረዋል። በጥቅምት የፈረሙትን ኮንትራትም አሁን ያውጡና ለመጀመሪያ ጊዜ ያንብቡት። ብዙዎቹ ኮንትራቶች ግቢው በምን ብቻ እንደሚጠየቅ፣ እርስዎ ደግሞ ምን ዓይነት ኢንሹራንስ ሊኖርዎት እንደሚገባ ይደነግጋሉ። በጥቅምት ማንበብ ጥንቃቄ ነው፤ በሚያዝያ ማንበብ ግን ሥነ ጽሑፍ ነው።

ኢንሹራንስ

ሳምንታት ያሳልፉ። ፖሊሲው «ጉዳት እንደደረሰ ያሳውቁ» ማለቱ ለሚቸኩል ሰው ነው። የተሰበረውን ዕቃ ይጣሉት፣ አዲሱን ይግጠሙ፣ ከዚያ ደውለው መርማሪ ይላክልኝ ይበሉ፤ ሰውየው መጥቶ ያማረ ሞተር ያያል፣ ያመሰግንዎታል፣ ይሄዳል። ብዙ የጀልባ ፖሊሲዎች በውርጭ የመጣ ስንጥቅን እንደማይከፍሉ፣ ወይም የሚከፍሉት ተጨማሪ ሽፋን ለገዛ ብቻ መሆኑን፣ አይጥ የበላውንም በግልጽ እንደሚያገሉ በዚህ ስልክ ላይ ይማራሉ። መርማሪው «በባለሙያ ለበረዶ የተዘጋጀበት ደረሰኝ አለ?» ሲል ለመካኒኩ የሰጡትን መልስ ይድገሙለት። ይህኛው ግን እየጻፈ ነው።

ጥገና

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አሁን ትጋት ይጀመራል። ፋይበርግላሱ ላይ ስንጥቅ ካለ፣ በካቻቢቴ እጀታ ዙሪያውን ቀስ ብሎ መምታት ብዙ ይነግራል፦ ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ከውስጥ የተላቀቀው ወይም የራሰው የታፈነ። ስለዚህ እንዳይመቱት። ስንጥቁን ሳይፍቁ፣ ሳያደርቁ፣ የረጠበውን እንጨት እንደረጠበ ከውስጥ ዘግተው፣ መኪና ላይ የሚለጠፈውን ስቱኮ ይለጥፉበት። ከፍ ያለ ሙያ ማሳየት ከፈለጉ በኤፖክሲ ሞልተው ላዩን በጄልኮት ይቀቡት። ተራው ጄልኮት ኤፖክሲ ላይ በደንብ አይያዝም፤ ተልጦ ሲወድቅ ግን የቀለሙ ፋብሪካ ጥፋት ይሆናል። የሞኖብሎኩን ስንጥቅ በሲሊኮን ይድፈኑትና ግራጫ ይቀቡት። ከሁለት ሜትር ርቀት አዲስ ይመስላል፤ ከሁለት ሜትር በታች ማንንም አያስጠጉ።

ግንቦት፦ ወደ ውሃ

ጓሮ ውስጥ የአትክልት ውሃ ቱቦ ገጥሞ ሞተሩን ማስነሳት፣ የሚንጠባጠበውን ቆሞ ማየት፣ ምስክር በሌለበት መሳሳት ነው። ይልቁንስ የመጀመሪያውን ሙከራ የዋልአይ ዓሣ ማጥመድ ለሚከፈትበት፣ በሜይ አጋማሽ አካባቢ ላለው ቅዳሜ ያቆዩት። ያን ዕለት ጀልባ ማውረጃው ላይ ጎታች መኪናዎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። እርስዎ መሐል ላይ ቆመው ሞተሩን እንቢ ሲልዎት ደጋግመው ያዙሩ። የሚኒሶታ ሰው አይጮኽም፤ ፈገግ ብሎ «ልርዳዎት?» ይላል፣ ይህም ከስድብ የባሰ ነው። ወለሉ ላይ ውሃ ከፍ ሲል ደግሞ የማፍሰሻው ቡሽ ይታወስዎታል፦ በሚያዝያ ቡናማውን ውሃ ለማፍሰስ የነቀሉት፣ እቤት፣ መስኮት ላይ።

ይህን ሁሉ አልፈው ጀልባው አሁንም ካለ፣ የቀረው መሸጥ ነው። ገዢ ሲመጣ ስለ ሲሊኮኑ፣ ስለ ስቱኮው፣ ስለ ዳቦ ቆሎው አያንሱ፤ «ባለፈው በጋ በጣም ደህና ይሠራ ነበር» ይበሉት። እውነት ነው። ከጥቅምት ወዲህ ከአፍዎ ከወጣው ሁሉ እውነቱም ይኸው ብቻ ነው።