ስለ መድረክ መሪዎች

ዛሬ የማነሳው የባሕር ማዶን የቀድሞ የቴሌቪዥን ጨዋታዎች ነው። ዘመኑንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የእኛ ነው ብሎ የሚደናገር አንባቢ እንዳይኖር።

የአሜሪካው ጆኒ ካርሰን «ቱናይት ሾው»ን ከ1962 እስከ 1992 መርቷል። አቀማመጡ ሥርዓት ነበረው። መሪው ከጠረጴዛው ኋላ ይቀመጣል፤ የተጠራ እንግዳ ከአጠገቡ ይሰየማል። ሌላ ሲጠራ የቀደመው ወደ ሶፋው ፈቀቅ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው መሳቅና ራሱን መነቅነቅ ነው። ቦታ የሚለዋወጡት እንግዶቹ ናቸው እንጂ ጠረጴዛው ባለበት ነው። በመሪው ጎን ኤድ ማክማን ነበረ፤ ቀልዱ ባያስቅም እንኳ የሚስቅ ታማኝ ሰው። ለታዳሚውም ቢሆን ይታሰብለታል፤ በእነዚያ ስቱዲዮዎች «አጨብጭቡ» የሚል መብራት ከበላዩ ይበራለታል። ሰው መቼ ደስ ሊለው እንደሚገባ ከላይ ሲነገረው ከብዙ ሐሳብ ይገላገላል።

ጥሩ መሪ ወጣቱን አይከለክልም። ኤልቪስ ፕሪስሊ በ21 ዓመቱ ወገቡን ሲያወዛውዝ ሀገር ጠፋ ያሉ ትልልቅ ሰዎች ብዙ ነበሩ። ስቲቭ አለን ግን ጁላይ 1 ቀን 1956 በኤንቢሲ መድረኩን ከፈተለት። ጅራት ያለው ጥቁር ኮት አለበሰው፤ መወዛወዙን አስተወው፤ ጆሮው የተንጠለጠለ ውሻ ባርኔጣ አስደፍቶ ከፊቱ አስቀመጠና «ሃውንድ ዶግ» የተሰኘውን ዘፈኑን ለውሻው እንዲዘፍን አደረገው። ወጣቱም ዘፈነ። በማግስቱ ከቀረጻ ስቱዲዮው ደጅ እኩዮቹ እውነተኛውን ኤልቪስ እንፈልጋለን የሚል ጽሑፍ ይዘው ቆሙ። ምስጋና ቢሶች! መሪው መድረክ ሰጥቷል፣ ልብስ አልብሷል፣ አድማጭ እንኳ አላሳጣውም።

እንግሊዛዊው ማይክል ፓርኪንሰን ደግሞ ጥያቄ በመጠየቅ የተመሰገነ ነው። በ1975 የሼክስፒር ተዋናይቷን ሄለን ሚረንን በቢቢሲ አስቀምጦ፣ የሰውነትሽ ቅርጽ በቁም ነገረኛ ተዋናይነት እንዳትታዪ አላሰናከለሽም ወይ ሲል ቃሉን ሸፋፍኖ ጠየቃት። ምን ማለትህ ነው፣ ግልጥ አድርገው ስትለው መሸፋፈኛው አጠረበት። የእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ በረከት መልሱን በሆዱ ይዞ መምጣቱ ነው። ተጠያቂው የሚጠበቅበት መፈረም ብቻ ነው፤ ጥያቄ እስከ ቀረበ ድረስ ውይይት ተካሂዷል።

የመናገር ነጻነትን በተመለከተ ግን ቢል ግራንዲን የሚስተካከል አላውቅም። ዲሴምበር 1 ቀን 1976 እሱ በሚመራው የቴምስ ቴሌቪዥን «ቱዴይ» ላይ ይመጣል የተባለው የ«ኩዊን» የሙዚቃ ቡድን ሲቀር፣ ሴክስ ፒስትልስ የተባሉ ወጣቶች በምትኩ ቀረቡ። ጨዋታው በቀጥታ ይተላለፋል። ከልጆቹ አንዱን አንዲት ነውረኛ ቃል በጥርሱ መሐል አመለጠችው። ልጁ ወዲያው ምንም አይደለም፣ የብልግና ቃል ነች፣ ወደሚቀጥለው ጥያቄ እንለፍ አለ። ግራንዲ አላለፈም፤ የቱ ቃል ነው፣ ይደገም አለ። ቀጥሎም ለሌላኛው ገና አምስት ሰከንድ እንዳለው ነገረውና እስቲ ጉድ የሚያሰኝ ነገር ተናገር ሲል አበረታታው። ልጁም የተባለውን ሰጠ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መዝገቡ ይዞታል። ተናገሩ ያለው ለሁለት ሳምንት ታግዶ ዐረፈ፤ የተናገሩት ግን ከከተማ ከተማ መድረክ ተዘጋባቸው፤ በተከታዩ ጃንዋሪም ዘፈናቸውን የሚያሳትመው ኢኤምአይ ውላቸውን አፍርሶ አሰናበታቸው። ጨዋነት የጎደለው ማን እንደሆነ ብዙ ጋዜጦች ጽፈዋል።

እኔ የማደንቀው የቢቢሲውን ራስል ሃርቲን ነው። በ1980 ዘፋኟን ግሬስ ጆንስን ጋበዘና ከአንድ ጎኑ አስቀመጣት፤ ሌሎቹ እንግዶች ከወዲያኛው ጎን ናቸው። እሷን ጠየቀና ወደ እነዚያ ዞረ። ክፋት አልነበረውም፤ አንድ ፊት ለሁሉም አይዳረስም፤ ለአንዱ ፊት የሰጠ ለሌላው ጀርባውን መስጠቱ ያለ ነው። እሷ ግን ጀርባህን አትስጠኝ አለችው። በቃል ነበር የጀመረችው። እሱ ፈገግ አለላትና ተመልሶ ዞረ። በዚህን ጊዜ ትከሻውንና ክንዱን በመዳፏ ደጋግማ መታችው፤ እሱም ክንዱን ከፍ አድርጎ እየተከላከለ ሊስቅ ሞከረ። ይህ ምስል እስከ ዛሬ ይታያል። ስለ ምቱ ያልጻፈ የለም፤ ሴትዮዋ ኃይለኛ ነች፣ ሥርዓት አታውቅም ተብሏል። ስለ ጀርባው ግን የሚነሳው ጥቂት ነው። ካሜራው ፊት ለፊት ስለነበር ይሆናል።

አንድ የሒሳብ ነገር ልጨምር። ሚረንና ጆንስ የተጋበዙበት ቢቢሲ በሀገሩ ማስታወቂያ አያስነግርም። በብሪታንያ ቴሌቪዥን የሚያይ ቤተሰብ በየዓመቱ የፈቃድ ገንዘብ ይከፍላል፤ ሳይከፍል የተገኘ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። ካሜራው የተገዛው፣ መብራቱ የበራው፣ የመሪውም ደመወዝ የተቆረጠው ከዚህ ገንዘብ ነው። እንግዲህ ነገሩ በደረሰኝ ከታየ ባለቤቱ ሳሎኑ ውስጥ ዝም ብሎ የሚያየው ሰው ነው፤ መድረኩ ላይ የተቀመጠው መሪ ደግሞ እስኪሸኝ ድረስ የሚስተናገድ እንግዳ። ይህን ለመሪውም ሆነ ለከፋዩ የነገራቸው ያለ አይመስልም።