ሰው የማያስቸግር ኮምፒውተር

አዲስ አበባ ውስጥ ላፕቶፕ ልግዛ ብሎ የተነሣ ሰው ብር እንጂ ምክር አይቸግረውም። ሰሞኑን አሮጌው ላፕቶፔ ማጠፊያው ተገንጥሎ ግድግዳ ካላስደገፉኝ አልሠራም ስላለ፣ “ሌላ ሳልገዛ አልቀርም” የሚል ቃል ከአፌ አመለጠኝ። በማግስቱ ዘመድ አዝማድ በስልክም በአካልም ተሰበሰበ። ለሰፈራችን ዕድር እንኳ እንዲህ ያለ ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቶለት አያውቅም።

የክርክሩ ጭብጥ አጭር ነው፤ ክዳኑ ላይ የተገመጠች ፖም ያለችበት ይሁን ወይስ የሌለችበት? ማክቡክ ወይስ ኤችፒ፣ ዴል፣ ሌኖቮ ከሚባሉት አንዱ?

የፖም ወገን መሪ ታናሽ ወንድሜ ነው። የሚኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ማክ ከያዘ ወዲህ በኮምፒውተር ጉዳይ ከማንም ጋር መከራከር ትቷል፤ ያዝናል እንጂ አይከራከርም። “አንተ ብቻ ወስን፤ ሰው ሲመጣ እልክልሃለሁ” ይለኛል። የሚከፍለው ማን እንደሆነ ስጠይቀው ግን ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

የተቃዋሚው ወገን መሪ የአክስቴ ልጅ ናት። ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆነች ዓለምን የምትለካው በአንድ ጥያቄ ነው። “ፒችትሪ ይጭናል?” ማክ አይጭንም። የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ዛሬ ሴጅ 50 የሚል ስም ይዞ የሚሸጥ ቢሆንም የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ነው፤ እኛ አገር ደግሞ የሒሳብ መዝገብ ሁሉ እሱ ላይ ያለ እስኪመስል ድረስ ሒሳብ ሠራተኛና ፒችትሪ አይለያዩም። እንደ ፈረንጆቹ ከ2006 እስከ 2020 በወጡት፣ የኢንቴል ቺፕ ባላቸው ማኮች ላይ ዊንዶውስን ጎን ለጎን መጫን ይቻል ነበር። የማክ አምራቹ አፕል በራሱ ቺፕ መሥራት ሲጀምር ያ በር ተዘጋ፤ አሁን ዙሪያ ጥምጥም ካልተኬደ አይሆንም። “እኔ ሒሳብ አልሠራም እኮ፣ የምጽፈው ጽሑፍ ነው” ስላት፣ “ነገ ምን እንደምትሆን በምን ታውቃለህ?” አለችኝ። በጽሑፍ የሚተዳደር ሰው ላይ ዘመድ ተስፋ አይቆርጥም።

ምክሩ ሲበዛብኝ ዕቃውን በዓይኔ ልየው ብዬ መገናኛ ወረድኩ። ከሕንፃዎቹ በአንዱ፣ ደረጃው ላይ የስልክ ቀፎና መስታወት ከሚሸጡት ልጆች አልፌ ወደ አንዲት ጠባብ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ልጅ እግር ነው።

“ለምን ሥራ ነው የፈለጉት፣ ፋዘር?”

“ለጽሑፍ።”

“ለጽሑፍ ብቻ?” አለና በሐዘኔታ አየኝ። ከተደረደሩት መሐል አንዱን አውርዶ ክዳኑን በአውራ ጣቱ ብድግ አደረገው። “ኮር አይ ፋይቭ፣ ስምንተኛ ጀነሬሽን፣ ስምንት ራም፣ 256 ኤስኤስዲ። ስላይትሊ ዩዝድ ነው። አሜሪካ ቢሮ ውስጥ የነበረ ነው፤ የዱባይ አይደለም።”

ጎንበስ ብዬ አየሁት። አንዳንዶቹ ቁልፎች ላይ ያለው ጽሑፍ በጣት ብዛት ሳስቷል፤ መዳፍ የሚያርፍበት ቦታ አብረቅርቋል። አሜሪካ ያለው ሠራተኛ ከስላይትሊ ትንሽ ከፍ አድርጎ እንደተጠቀመበት ያስታውቃል። ከስክሪኑ በስተቀኝ ግርጌ፣ ዊንዶውሱ ፈቃዱ ያልተከፈለ መሆኑን የሚያሳብቅ ግራጫ ጽሑፍ ፈዞ ተቀምጧል።

“ይሄስ ምንድን ነው?”

“እሱን አይዩት። እናጠፋልዎታለን።”

ስለ ጀነሬሽኑ ሲናገር ድምፁን ከፍ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ቺፖች በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛው ጀነሬሽን ወዲህ ያለውን ነው። ስለዚህ ሰባተኛ ጀነሬሽን ኮምፒውተር ምንም ሳይጎድለው፣ እየበረረ እያለ፣ በወረቀት ጡረታ ወጥቷል። ርካሽ ዕቃ የሚገዛ ሰው ከሻጩ ጋር በዋጋ ከመከራከሩ በፊት የዕቃውን ዕድሜ መጠየቅ አለበት።

“ማክ አለህ?” አልኩት።

ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ሰጠኝ። ከታች፣ ከመስታወቱ ሥር አንዱን አውጥቶ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገውና ፊቴ አኖረው። ዋጋውን በአፉ አልተናገረም፤ ካልኩሌተር ላይ ጽፎ ወደ እኔ አዞረልኝ። በዚያ ገንዘብ ከስላይትሊ ዩዝዶቹ ሁለት ገዝቼ የታክሲ ይተርፈኛል።

ስለ ዋጋ ከተነሣ አፕልን ያለ ጥፋቱ አንማው። ኤም1 የተባለውን ቺፕ የያዘው ማክቡክ ኤር በኅዳር 2013 ዓ.ም. ግድም ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ መነሻ ዋጋው 999 ዶላር ነበር። ከአራት ዓመት በላይ ቆይቶ ኤም4 ያለበት ሲወጣም መነሻው ያው 999 ዶላር ሆነ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ ምንዛሪ ይህ 57 ሺህ ብር ገደማ ነበር። ምንዛሪው በዚያ ቀን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈና ያው ዕቃ 100 ሺህ ብር ተሻገረ፤ ቀረጥ፣ ታክስና የነጋዴው ትርፍ ሳይነኩ። ኮምፒውተሩ አሜሪካ ላይ ዋጋውን አንድ ሳንቲም አልጨመረም። እስከ ኪሴ ድረስ ባለው መንገድ ላይ ነው የተወደደው።

ነገር ግን “በማክ ላይ ያለው ጭማሪ ለምንድን ነው?” የሚለው ጥያቄ ከእኛ ብር መውደቅ በፊትም ነበረ። እንዲያውም ከማክ ጋር እኩል የተወለደ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ጥር 1984 እንደ ፈረንጆቹ ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 2,495 ዶላር ነበር። የሠሩት መሐንዲሶች 1,995 ዶላር ይሸጣል ብለው ነበር የጠበቁት። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ጆን ስካሊ 500 ዶላር ያስጨመረው ለማስተዋወቂያው ዘመቻ ወጪ ነው። በሪድሊ ስኮት የተዘጋጀው፣ በአሜሪካ እግር ኳስ ፍጻሜ ላይ የታየው ዝነኛ ማስታወቂያ የዚያ ዘመቻ አካል ነበር። እንግዲህ ገዢው ኮምፒውተሩን እንዲገዛ ለማግባባት የወጣውን ወጪ ራሱ ሸፈነ ማለት ነው። ሽማግሌ ልኮ አበሉን ከሙሽራዋ ቤት የሚያስከፍል አማች ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

የሌላኛው ወገን ርካሽነትም የራሱ ታሪክ አለው። አይቢኤም በነሐሴ 1981 እንደ ፈረንጆቹ የግል ኮምፒውተሩን ሲያወጣ ጊዜ አጥሮት ስለነበር ከገበያ በተገኘ ዕቃ ነው የገጣጠመው፤ ቺፑ የኢንቴል፣ ፕሮግራሙ የማይክሮሶፍት። ኮምፓክ የተባለ ኩባንያ ብዙም ሳይቆይ አምሳያውን ሠርቶ መሸጥ ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ማን ያልሠራ አለ? ዋጋ የወረደው በዚያ ፉክክር ነው። የአፕል ኮምፒውተር ግን ከውስጥ እስከ ውጭ በአንድ ቤት ተቀርጾ ይወጣል። መለዋወጫውም፣ መፍቻውም፣ ዐመሉም የራሱ ነው።

ይህ የሩቅ ታሪክ መስሎ የሚታየው የሰፈራችንን ጠጋኝ ላላወቀ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ሥር ያለችው ክፍሉ ከጠረጴዛው በቀር ሁሉም ነገሯ ካርቶን ነው። ብሎኖቹን በለስላሳ ቆርኪ ውስጥ ለይቶ ያስቀምጣል፤ አቧራ የሚያራግፈው በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነው። የኤችፒ ኪቦርድ ተበላሸ ቢሉት ካርቶን ውስጥ እጁን ሰዶ ሳያይ ያወጣል። ራም ካነሰ ከሞተ ላፕቶፕ ነቅሎ ይተክላል። ቻርጀር ቢቃጠል ጎረቤት አለ፤ ከአራት ጎረቤት የአንዱ ይገጥማል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ርካሹን ኮምፒውተር ርካሽ ያደረገው ይህ ሃምሳ ሰው ነው።

“ማክ ብገዛስ?” አልኩት።

መፍቻውን አስቀመጠ። “ጋሼ፣ ማክ ቶሎ አይበላሽም።”

“ከተበላሸስ?”

“እሱን እንኳ...” አለና ወደ ቆርኪዎቹ ተመለሰ።

ጠጋኙ ልክ ነው። በአዲሶቹ ማኮች ራሙ ከቺፑ ጋር አንድ ላይ የታሸገ ነው፤ ተነቅሎ አይተካም፣ ሲገዙ ያልጨመሩትን ኋላ መጨመር የለም። ያንን የሚያውቀው አፕል ከ8 ወደ 16 ጊጋባይት ለማሳደግ ዓመታት ሙሉ 200 ዶላር ሲያስከፍል ኖሮ፣ 16ቱን መነሻ ያደረገው እንደ ፈረንጆቹ በ2024 መጨረሻ ላይ ነው። በመላው አፍሪካም የራሱ መደብር የለውም። ጥሩ ማክ ጠጋኝ አዲስ አበባ ውስጥ አይጠፋም፤ ግን በየሰፈሩ አይገኝም፣ መለዋወጫውም ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል።

እንዲያም ሆኖ የወንድሜ ወገን በአንድ ነገር አፌን ያስይዘኛል፤ በባትሪ። ኩባንያው ኤም1 ማክቡክ ኤርን አንዴ ከሞሉት እስከ 18 ሰዓት ፊልም ያሳያል ይላል። ከዚያ ላይ ለጉራ የተጨመረውን ብንቀንስ እንኳ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ይተርፋል። ማራገቢያ ስለሌለው ድምፅም የለውም። የእኔ አሮጌ ላፕቶፕ መብራት ሲሄድ ሻማ ፈልጌ እስክመጣ አይጠብቀኝም፤ መብራት ሲኖር ደግሞ ማራገቢያው ስለሚጮህ ጎረቤት ሥራ ላይ መሆኔን ያውቃል። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር አሥር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ደንበኛ የሚዞር ሰው ይህን ቢገዛ በሁለት ወቅት ሠርግ ጭማሪውን ይመልሰዋል። ከቆይታ በኋላ ልሽጠው ቢልም ማክ ዋጋው ቶሎ አይወርድም።

ሌላም ጥቅም አለው፤ ማንም አያነሣውም። ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ የወጣን ፍላሽ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት አድርጎ የሚመልሰው ቫይረስ ማክ ላይ ሲደርስ ሥራ ይፈታል። “ጌም ልጫንበት” እያለ የሚመጣው የጎረቤት ልጅ አንዴ ገልጦ አይቶ “ጋሼ፣ ይሄማ ምንም የለውም” ብሎ ይሄዳል። የአክስቴ ልጅ ፒችትሪዋን ይዛ አትመጣም። ማክ ሰው አያስቸግርም፤ ሰውም አያስቸግረውም። ሳሰላው ጭማሪው የሚከፈለው ለዚህ ነው፤ ከጠጋኝ፣ ከጎረቤትና ከዘመድ ለመገላገል። ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖር ሰው ይህ አያስከፋም። ጠጋኝ ፍለጋ ሲወጣ የሚባክነው ሰዓቱ ከኮምፒውተሩ ይበልጥበታል።

እኔ ግን ኑሮዬ ከሃምሳው ሰው ጋር ነው። አሳታሚ የሚልክልኝ የድሮ ጽሑፍ በፓወር ግዕዝ የተለቀመ ነው፤ ያ ፊደል በሌለበት ማሽን ሲከፈት አማርኛው የፈረንጅ ምልክት ትርምስ ይሆናል። ማሽን ሁሉ በሚያውቀው በዩኒኮድ ለሚጽፍማ ልዩነት የለም። የግዕዝ ፊደል እንደ ፈረንጆቹ በ1999 እዚያ ከገባ ዘመን ተቆጥሯል፤ ዊንዶውስ “ኢብሪማ”ን፣ ማክ “ከፋ”ን ይዞ ይመጣል፤ በሁለቱም አማርኛችን አምሮበት ይቀመጣል። ጣጣው የመጣው ከአሳታሚው ቁም ሣጥን ነው።

የመጨረሻውን ፍርድ የሰጠችው ባለቤቴ ናት። ሁለቱንም ወገን ቡና እያፈላች ስትሰማ ቆየችና፣ “ውድ በሆነው ስትጽፍበት የሚከፍሉህ ይጨምራሉ?” ብላ ጠየቀችኝ። ወንድሜ በስልክ ሳል ያዘው። እኔም ዝም አልኩ።

እናም ሦስተኛ መንገድ ያዝኩ። ውጭ አገር ያሉ ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸው በውድ ገዝተው፣ ጥቂት ዓመት ሠርተውበት የሚለቁት የቢሮ ላፕቶፕ አለ፤ ላቲትዩድ፣ ኢሊትቡክ፣ ቲንክፓድ የሚባሉት። እኔ የወሰድኩት ቲንክፓድ ነው፤ አይቢኤም እንደ ፈረንጆቹ በ1992 የጀመረው፣ ከ2005 ወዲህ በሌኖቮ እጅ ያለው፣ ኪቦርዱ መሐል ቀይ ጉብታ ያለበት። ኪቦርዱ ለጸሐፊ ጣት የተሠራ ነው፤ ጠጋኙ ካርቶኖች ውስጥም ዘመዶቹ ሞልተዋል። የማክ ዋጋ ግማሽ አልሞላም። ፊልም ለሚሠራና ቀኑን ሙሉ ከሶኬት ርቆ ለሚውል ሰው ማክ ግዛ እላለሁ፤ “ሰው ሁሉ ይዞታል” ብሎ ለሚመጣ ግን፣ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።

አንድ ያላለቀ ጉዳይ ብቻ ቀርቶኛል። ለሳምንት ያህል “ማክ ባለመግዛቴ ይህን ያህል ብር አተረፍኩ” እያልኩ ለመጣው ሁሉ ሳወራ ባለቤቴ ትሰማ ነበር። ትናንት ማታ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰ አለችና፣ “ያ ያተረፍከውን ብር አምጣ” አለችኝ። ከየት እንደማመጣው የሚያውቅ ካለ ምክሩን እቀበላለሁ።