ኮንክሪት ለማስፈረስ ላሰቡ ሁሉ

ግቢዎ ውስጥ ያለውን አሮጌ ኮንክሪት አስነሥተው አፈሩ ፀሐይ እንዲያይ ቆርጠው ተነሥተዋል፤ እሰየው! የሚቀርዎት አፍራሽ መቅጠር ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በደላላ በኩል የአንድ ስልክ ሥራ ነው። ከመጡት መካከል ዝቅተኛ ዋጋ የጠራውን ይያዙ። ዋጋው ምን ምን እንደሚያካትት ግን አይጠይቁ፤ ጥያቄ ሰው ያስቀይማል።

ጥጉን በስቶ ውፍረቱን የሚለካ፣ ውስጡ ፌሮ ይኑር አይኑር የሚያጣራ፣ የውሃ ቧንቧው በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚጠይቅ ኮንትራክተር ከመጣ በትሕትና ይሸኙት። ጊዜ ያባክናል። ሁነኛው ሰው ወለሉን በጫማው ተረከዝ መታ መታ አድርጎ፣ «ይቺማ ለልጆቹ የሁለት ቀን ሥራ ናት» የሚለው ነው። ቧንቧው የት እንዳለ እሱም እርስዎም አብራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ውሃው ፊን ብሎ ሲወጣ።

ሒሳብ መሥራትም ይቅርብዎ። 40 ካሬ ሜትር ስፋትና 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ወለል 6 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንዱ ሜትር ኩብ 2.4 ቶን ገደማ ስለሚመዝን፣ ጠቅላላው ከ14 ቶን ይበልጣል። 5 ቶን ለሚጭን አይሱዙ ሦስት ምልልስ መሆኑ ነው። ሲሰባበር ደግሞ ክፍተት ስለሚፈጥር የሚይዘው ቦታ ግማሽ ያህል ይጨምራል። ሰውየው «አንድ መኪና ጠራርጎ ይወስደዋል» ካለዎት ግን ቁጥሩን ትተው እሱን ይመኑ። ቀሪው ክምር አጥርዎን ተደግፎ ይከርማል፤ ለልጆችም መውጫ መውረጃ ይሆናል።

የፌሮው ነገር አያሳስብዎት። ለድንጋዩ መኪና ጠፋ፣ ናፍጣ ጠፋ፣ መንገድ ተዘጋ ይባላል፤ ብረቱ ግን በዚያው ቀን ተመዝዞ፣ ተቃንቶና ታስሮ በኪሎ ይሸጣል። የዋጋ ቅናሹ ምንጭ እሱ እንደነበር ቢደርሱበትም አይናገሩ።

ቀብዱን ደግሞ ጠቅለል አድርገው ይስጡ። ለጃክ ሀመር ኪራይ፣ ለናፍጣ፣ ለልጆቹ ምሳ ሲባል መከራከር ነውር ነው። ከዚያ በኋላ ስልኩ ባይነሣ ሰውየው ሥራ በዝቶበት ይሆናል።

የሚፈርሰው ቤት ወይም ኮለን ያለው ግንባታ ከሆነ፣ የሕንፃ አዋጅ ለማፍረስም ፈቃድ እንደሚጠይቅ የሚያስታውስዎት ጎረቤት አይጠፋም። አይስሙት፤ ምቀኛ ነው። መኪናው ውድቅት ላይ ተጭኖ ሲወጣም የት እንደሚደፋ አይጠይቁ። ወንዝ ዳር ሲገለብጥ ደንብ አስከባሪ ቢይዘው፣ ሾፌሩ ማንን እንደሚጠራ ያውቃል፤ የቤት ቁጥርዎንም አይረሳም።

ይህ ሁሉ ምክር የማይዋጥለት ሰው ካለ፣ አንድ ገጽ ውል ይበቃዋል። ስንት ሜትር ኩብ እንደሚነሣ፣ ማን እንደሚጭን፣ የት እንደሚደፋ፣ ፌሮው የማን እንደሆነ፣ ቧንቧ ቢሰበር ወይም የጎረቤት ግንብ ቢሰነጠቅ ማን እንደሚከፍል ይጻፍበት። መስበሩ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው፤ ገንዘብም ጠብም የሚያመጣው ማንሣቱ ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ክፍያ ግቢው ተጠርጎ ሳያዩ ከኪስዎ አያውጡ።