ሙዚየም አቋቁሞ ስለ መዝጋት

ግልጽ ደብዳቤ

ጎብዬ ላይ አንድ ቀን ለሚሰየመው የአካባቢ ታሪክ ሙዚየም አደራጅ ኮሚቴ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በአገር አቀፍ ደረጃ ተፈትኖ የተረጋገጠ አሠራርን ስለ ማሳወቅ

የአካባቢ ታሪክ ሙዚየም አንድ ከተማ ወይም ወረዳ ኑሮውን፣ ሥራውንና ያሳለፈውን መከራ በዕቃና በጽሑፍ የሚያሳይበት ቤት ነው። ኮሚቴው በራያ፣ ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ባለችው ጎብዬ እንዲህ ያለ ቤት ለማቋቋም የተነሳ እንደሆነ ከዜሮ መጀመር አያስፈልገውም። አገሪቱ በዘርፉ የካበተ ልምድ አላት። አሠራሩ ስድስት ደረጃዎች ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ደረጃ እንደሚከተለው ተብራርቷል።

1. ቤት ስለ መምረጥ

የመጀመሪያው ሥራ የትልቅ ሰው ቤት መፈለግ ነው። የደሴ ሙዚየም የሚገኘው የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ በነበረው ቤት ነው። የአዲስ አበባ ሙዚየም መስቀል አደባባይ አጠገብ በራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ተቋቁሟል። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ደግሞ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ስለሆነ ጎብኚው የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት ሳይቀር አይቶ ይወጣል። ከዚህ በመነሳት ለጎብዬም ራስ ወይም ደጃዝማች ያስፈልጋታል። ራስ ከጠፋ ፊታውራሪ፣ ፊታውራሪም ከጠፋ ግራዝማች ይበቃል።

ባለማዕረጉ በእርግጥ በቤቱ ኖሯል ወይ የሚለው ጥያቄ ሥራ አያስፈታም። በሐረር የራምቦ ቤት ተብሎ የሚጎበኘው ባለ እንጨት ፎቅ የተሠራው በአንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ደግሞ ቤቱ ከመሠራቱ በፊት፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1891፣ ማርሴይ ላይ አርፏል። ሆኖም ጎብኚው ፎቁ ላይ ወጥቶ በባለቀለሙ መስኮት ከተማውን ይቃኛል፤ ባለቅኔው ያየውን እንዳየ አምኖም ይወርዳል። ቤቱ ያምራል፣ በውስጡ ያሉት ፎቶዎችም ደግ ናቸው፤ የጎደለው ተከራዩ ብቻ ነው።

የራያ ቆላ ገበሬ ጎታው፣ ምድጃውና መደቡ ያሉበት ቤት በዚህ ደረጃ ለውድድር አይቀርብም። ሰው እየኖረበት ያለ ቤት ታሪክ አይባልም። ታሪክ እንዲባል መጀመሪያ መፍረስ አለበት፤ ከፈረሰ በኋላ ደግሞ የሚጎበኝ ነገር የለም።

2. ዕቃ ስለ መሰብሰብ

ሁለተኛው ደረጃ ግድግዳውን መሙላት ነው። ተቀባይነት ያላቸው ዕቃዎች ጦር፣ ጋሻ፣ ጎራዴ፣ ውጅግራ፣ የማይሠራ የጽሕፈት መኪናና ከመስታወቱ ጥግ የተሰነጠቀ የንጉሥ ፎቶ ናቸው። አንዲት እንስራም ሴቶችን ትወክላለች።

ተቀባይነት የሌላቸው ዕቃዎች ዝርዝር ረዘም ይላል። አንደኛው ማማ ነው። ማሽላው እሸት ሲይዝ ልጅ ከንጋት እስከ ምሽት እርከኑ ላይ ተቀምጦ በወንጭፍ ወፍ የሚያባርርበት ይህ የእንጨት ቆጥ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ የተጠበቀበት ምሽግ ነው። ሁለተኛው ጠለፋ ነው። ክረምት ላይ ከምዕራቡ ደጋ በጎሊናና በሌሎቹ ወንዞች የሚወርደውን ደራሽ ጎርፍ በአፈርና በጭራሮ ከትሮ ወደ ማሳ መመለስ የራያ ገበሬ የምሕንድስና ሙያ ነው። የትኛው ማሳ መቼ ውሃ እንደሚያገኝ የሚወስን ሥርዓትም አለው። ጎርፍ ግን በመስታወት ሳጥን ውስጥ አይገባምና ይቅር።

ሦስተኛው ራሱ ማሽላው ነው። ደጋሊትና ጅጉርቲ የሚባሉትን የአገር ዝርያዎች የቆቦ ገበሬ በዘለላቸው፣ በቀለማቸውና በሚደርሱበት ወር ይለያቸዋል። ዘር ተመራማሪዎችም ይህንን ዕውቀት ፍለጋ ወደ ማሳው ይመጣሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አቀንጭራ የተባለውን የማሽላ ጠላት እንዲቋቋሙ ከተለቀቁት ዝርያዎች አንዱ ስሙ «ጎብዬ» ነው። ዝርያው የተገኘው በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ከመሩት ምርምር ሲሆን፣ እሳቸውም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 የዓለም ምግብ ሽልማት አግኝተዋል። አቀንጭራ ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ምግቡን የሚመጥ አረም ነው። ሐምራዊ አበባው ከአፈር በላይ ሲታይ ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሷል። «ጎብዬ» የተባለው ዝርያ የሚቋቋመው፣ የአረሙ ዘር እንዲነቃ የሚያደርገውን ምልክት ከሥሩ እምብዛም ስለማይለቅ ነው። የከተማዋን ስም ተሸክሞ በሳይንስ መጽሐፍ የገባ ዘለላ ግን ሰገባ የለውም፤ ስለዚህ ከጎራዴው ጎን አይሰቀልም።

3. መግለጫ ስለ መጻፍ

ጥሩ መግለጫ ጎብኚው በዓይኑ ያየውን ያረጋግጥለታል። ከጦሩ ሥር «ጦር»፣ ከማሰሮው ሥር «ማሰሮ» ተብሎ ይጻፋል። ዕድሜ የሚጠይቅ ካለ «የጥንት» የሚለው በቂ ነው። ዕቃው የማን እንደነበር፣ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ፣ ምን እንደተሠራበትና ማን እንደሰጠው መጻፍ ሌላ ጥያቄ ስለሚያስከትል አይደገፍም።

በራያ ይህ ጥንቃቄ የተለየ ምክንያት አለው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ራያና አዘቦ በማዕከላዊው መንግሥት ላይ አምፆ ነበር፤ አመፁም በኃይል ተደቁሷል። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተደረገው የማይጨው ጦርነት በኋላ ወደ ደቡብ ያፈገፍግ የነበረውን የንጉሠ ነገሥቱን ጦር ከአካባቢው ሰው ከፊሉ አጥቅቶታል። ጣሊያን ገንዘብና መሣሪያ ማደሉ ይታወቃል። የቆየ ቂምም እንደነበረ እንዲሁ። በዚያው ዘመን ከዚያው ሕዝብ ለአገሩ የተዋጋም አለ። እንግዲህ ከአንድ ቤት የተገኘ ጠመንጃ የትኛውን ታሪክ ይናገራል? «የአርበኛ ጠመንጃ» ብሎ መጻፍ ሦስቱንም ያስታርቃል፤ የሞቱት አይከራከሩምና።

የረሃቡም ጉዳይ በዚሁ መንገድ ይታለፋል። በ1965ቱ ችግር የወሎ ገበሬ ልጆቹን ይዞ በዚሁ አውራ ጎዳና ዳር ተኮልኩሎ ነበር። በ1977 ደግሞ ኮረም ላይ የሆነውን ዓለም በቴሌቪዥን አይቶታል። ከዚያ ዘመን የቀረ ዕቃ በየቤቱ አለ፦ የእርዳታ ዱቄት የመጣበት ጆንያ፣ የባዕድ ፊደል የታተመበት የዘይት ቆርቆሮ። ቆርቆሮው ክዳኑ ተቆርጦ፣ አፉ እጅ እንዳይቆርጥ በመዶሻ ተቀጥቅጦ፣ የሽቦ ጆሮ ተበጅቶለት ለዓመታት ውሃ ተቀድቶበታል፤ እህልም ተሰፍሮበታል። ከጎራዴው ይልቅ ብዙ ሰው ነክቶታል። ሆኖም ቆርቆሮ ለእንግዳ አይታይም።

4. ቁልፍ ስለ መያዝ

ቁልፍ የአሠራሩ እምብርት ነው። ቁልፉ አንድ ብቻ መሆን አለበት። የሚይዘውም አንድ ሰው ሆኖ ሌሎች አራት ሥራዎች ሊኖሩት ይገባል። ጎብኚ ሲመጣ ቁልፍ ያዡ ከሚከተሉት በአንዱ ላይ ይገኛል፦ ስብሰባ፣ ሥልጠና፣ መስክ ወይም ለቅሶ። ከአራቱ አስተማማኙ ለቅሶ ነው፤ ማንም አስተዋይ ሰው ከለቅሶ ቤት ሰው አያስጠራም። ጥበቃው ስልክ እንዲደውል ይፈቀድለታል፣ ስልኩ ግን «ማግኘት አይቻልም» ማለት አለበት። ጎብኚው ከሰዓት በኋላ እንዲመለስ ይነገረዋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ መኪናው ያመልጠዋል።

ከባሕር ማዶም ምሳሌ አይጠፋም። የእንግሊዙ ብሪቲሽ ሙዚየም 11 የኢትዮጵያ ታቦታትን ለሕዝብ ሳያሳይ ይዟል፤ የራሱ ባለሙያዎችም አይመለከቷቸውም። ለታቦት ክብር ተብሎ የተደረገውን ይህን ጥንቃቄ የአገር ውስጥ ሙዚየሞች ለእንስራና ለመጅ ጭምር ማዳረሳቸው የትሕትናቸው ምልክት ነው።

5. ጎብኚን ስለ መቀበል

በአሠራሩ መሠረት የሚታወቁ ጎብኚዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው የክብር እንግዳ ነው። እሱ ሲመጣ በሩ ይከፈታል፣ ወለሉ ይታጠባል፣ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ከዚያም በአስተያየት መዝገቡ ላይ «በጣም ተደስቻለሁ፤ በዚሁ ይቀጥሉበት» ብሎ ይፈርማል። ሙዚየሙም በተባለው መሠረት በዚያው ይቀጥላል። ሁለተኛው የውጭ አገር ዜጋ ሲሆን፣ የመግቢያ ዋጋው ከፍ ይላል።

ሦስተኛው ዓይነት ማለትም የሠፈሩ ሰው በጎብኚነት አይታወቅም። መጁ የእናቱ፣ ቅሉ የአያቱ ስለሆነ የሚማረው የለም ተብሎ ይታሰባል። ተማሪውም ታሪክ ለማየት አውቶቡስ ተከራይቶ ሩቅ ይወሰዳል፤ በቤቱ ደጃፍ የተዘጋውን በር ግን የኳስ ግብ አድርጎ ይጠቀምበታል። በር ከነጭራሹ ከማይረባ ይህም አንድ አገልግሎት ነው።

6. መዝገብ ስላለመያዝ

የመጨረሻው ደረጃ ምንም አለመጻፍ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብና ባለይዞታው እንዲጠብቀው ያዝዛል። ነገር ግን አዋጁ መሳቢያ ውስጥ ስለሆነ መሳቢያውም ስለተቆለፈ ችግር አይፈጠርም።

መዝገብ አለመያዝ የሚያስከትለውን ወሎ አሳምሮ ያውቃል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፈውን በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ካወረደ በኋላ ሐራጅ አውጥቶበታል። ከዘማቾቹ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆልምስ እዚያው ሲገዛ ዋለ። ዕቃው እንግሊዝ ከደረሰ በኋላም በየሙዚየሙና በየቤተ መጻሕፍቱ ተቆጥሮ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ተመዘገበ። ዛሬ ይመለስልን የሚለው ወገን በአብዛኛው የሚጠቅሰው የወሳጁን መዝገብ ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ጸጉር በ2011 ዓ.ም. ከለንደን ሲመለስም የት እንዳለ የታወቀው ያስቀመጡት ሰዎች ስለጻፉት ነው። ዘራፊ ከባለቤት ይልቅ ጠንቃቃ የሚሆንበት ዘመን ቢያልፍ ደግ ነበር።

አላለፈም። በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ደሴ በተያዘችበት ወቅት የደሴ ሙዚየምም ተዘርፏል። ጦርነቱ በጎብዬና በቆቦ በኩልም ተመላልሷል። እንዲህ ባለ አገር በሌላ ከተማ ቅጂው ያልተቀመጠ መዝገብ ከዕቃው ጋር አብሮ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ «ምን ጠፋ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ብዙ ነገር» ይሆናል። «ብዙ ነገር» የሚባል ዕቃ በጉምሩክ አይያዝም፣ በፍርድ ቤትም አይጠየቅም።

ከአሠራሩ ስለ ማፈንገጥ

ኮሚቴው ከላይ የተዘረዘረውን ለመከተል ፈቃደኛ ካልሆነ አርአያ የሚሆነው አይጠፋም። ሐረር ውስጥ አብዱላሂ ሸሪፍ ከየቤቱ የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲም፣ ጌጥና የድምፅ ቅጂ እየሰበሰቡ በገዛ ቤታቸው ሙዚየም ከፈቱ። የድሮ ጥራዝ መጠገንም ተምረው ሠሩበት። ስብስቡ ቤት ሲጠበው የራስ ተፈሪ ቤት ተብሎ የሚታወቀው ሕንፃ ተሰጣቸው። እዚያ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፦ መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ዕቃ፣ ከዚያ መዝገብ፣ በመጨረሻ የራስ ቤት።

በጎብዬ ቢሠራበት ወጪው የሚከተለው ነው። ሁለት ደብተር ይገዛል፤ አንዱ እዚያው ይቀመጣል፣ ሌላው ወደ ወልዲያ ይላካል። የእያንዳንዱ ዕቃ ሰጪ፣ ቀበሌና ታሪክ በሁለቱም ይጻፋል፤ ፎቶውም በእጅ ስልክ ይነሳል። ቁልፉ በሦስት ይቀረጻል። የቆቦ ገበያ የሚውልበት ቀን የመክፈቻ ቀን ይሆናል፤ ሰው አህያውን ጭኖ ከወጣ አይቀር ጎራ ይላልና። አንዲት አሮጊት ከመጁ አጠገብ ተቀምጠው ለመጣው ልጅ እንዴት እንደሚፈጭ ያሳያሉ፣ አበልም ይከፈላቸዋል። በምረቃው ቀን የሚቆረጠው ሪባን ዋጋ ለዚህ ይበቃል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ
- ለቁልፍ ያዡ፣ ከለቅሶ ሲመለሱ
- ለአካባቢው የታሪክ መምህራን፣ አውቶቡስ ከመከራየታቸው በፊት