አምባዛ በአተላ እንጂ በብርብራ አይጠራም

«አንተ የደብረ ታቦር ሰው፣ ሂድ ድንችህን ኮትኩት! ስለ አምባዛ ምን አገባህ?» አለኝ አንድ የወረታ ሰው፣ ያውም ሰው በተሰበሰበበት።

ድንቹንማ ኮትኩቼ ነው የመጣሁ፣ አያ! ይልቅ አምባዛህ የሚዋኝበት ውኃ ከየት የወረደ መሰለህ? የጉማራም የርብም ወንዞች ከጉና ተራራ ነው የሚነሱት። ጉና ላይ የዘነበው የእኛን ማሳ አቋርጦ፣ የእኛን አፈር ተሸክሞ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝህን አጠጥቶ ነው ጣና የሚገባው። ላይ ያለው ውኃውን ሲያበላሽ ታች ያለው ይጎዳል፤ ታች ያለው ዓሣውን ሲጨርስ ደግሞ ምግብ ቤት ገብቶ «አልቋል» የሚባለው ላይ ያለው ነው። አገባኝ እንጂ!

«ዓሣን በብርብራ ፍሬ መግደል እኮ ያባቶቻችን ነው፤ እኛ አልፈጠርነው።»

አባትህ የወቀጠው ለማታ ራቱ ነበር፤ አንተ የምትወቅጠው ለገበያ ነው። ልዩነቱን ከፈለግህ ጆንያህን እየው።

ቀርበን እንየው እስቲ። በበጋ ወንዙ ሲቀጥን ውኃው ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። የብርብራው ዱቄት ይበተንበታል፣ በእግር ይማሰላል። ጥቂት ቆይቶ ዓሣው አፉን እየከፈተ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይዞራል፣ በጎኑ ይጋደማል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ይሮጣል፤ በእጁ የሚለቅም አለ፣ በቅርጫት የሚጨልፍ አለ። የሚለቀመው ታዲያ ትልቁ ነው። የጣት ያህሉና የጥፍር ያህሉ ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ ድንጋይ ሥር ይቀራል፤ እሱን ጎንበስ ብሎ የሚያይ የለም። ለከርሞ ጆንያ የሚሞላው ግን እሱ ነበር። ፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ ሮቴኖን ይባላል፤ ዓሣው አየር እያለለት እንዳይጠቀምበት አድርጎ ያፍነዋል። ዛፉን አልሰድብም። ብርብራ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይበቅል፣ ቡናን የሚያጠላ ደግ ዛፍ ነው። እኔ የምናገረው ወቃጩን ነው። የዚህ ነገር ክፋት ጉማራ ላይ የዩኒቨርሲቲ ጥናት እስኪሠራበት ድረስ ደርሷል፤ ወቃጩ ግን ዛሬም ይወቅጣል።

«ዓሣውንማ እንቦጭ ነው የጨረሰው።»

እንቦጭ ጣና ላይ የታየው ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ ጉዳቱንም አልክድም። እንቦጩን ግን ና ብሎ የጠራው የለም። ብርብራውን ዘንጥፈህ፣ ወቅጠህ፣ በአህያ ጭነህ ያመጣኸው አንተ ነህ።

«እኔ ብርብራ በእጄ አልነካም፤ መረብ ብቻ ነው የምጥል!» አለ ሌላው፣ ደረቱን ነፍቶ።

የት ነው የምትጥለው? ጉማራ ጣና የሚገባበት አፍ ላይ። መቼ? እኛ ደብረ ታቦር ላይ ቡሄ ስንጨፍርና ጅራፍ ስናጮህ፣ በነሐሴ። ያኔ ነጩ ዓሣ እንቁላሉን ይዞ ሽቅብ ወደ ወንዙ የሚወጣበት ወር ነው። ጣና ውስጥ የሚኖረው የዚህ ዓሣ ዘር ብዙ ዓይነት ነው፤ አብዛኛውም ከጣና ሌላ የትም አይገኝም። አንተ ታዲያ በሩ ላይ ቆመህ ወላዷን ትለቅማለህ። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ጣና ላይ ሥራ ጀመረ፤ ከዚያ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ድረስ ያለውን ሲያነጻጽሩ ነጩ ዓሣ በክብደት ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ አገኙት። እጅህ ከብርብራ ንጹሕ ነው፤ መረብህ ግን አይደለም።

አዋጅ አለ የሚለኝም አይጠፋም። አለ፤ የፌዴራሉ ቁጥር 315/1995 ነው፣ ክልሉም የራሱ አለው። ሌሊት ወንዙ ዳር የምትገኘው ግን አንተ እንጂ አዋጁ አይደለም።

«ታዲያ በምን ልያዘው? ለምኜ?»

አዎ፣ ለምነህ! አምባዛ የሚለመን ዓሣ ነው። ዓይኑ ትንሽ ነው፤ ጣናም ሆነ ጉማራ በደለል ሲደፈርስ ዓይን ብዙም አይሠራ። አፉ ዙሪያ ስምንት ጢም አለው፣ በእነሱ ዳስሶና ቀምሶ ይሄዳል፤ ከሁሉ በላይ ግን አሽታች ነው። የጎረቤት ቡና ሲቆላ ሽታው እግርህን ይዞት እንደሚሄድ፣ አምባዛም የሽታውን መስመር ይዞ ሽቅብ ይመጣል። ስለዚህ ሥራህ ማሳደድ ሳይሆን መጥራት ነው።

መጥሪያው ደግሞ ቤትህ አለ። ከብት የምታጠጣው አተላ! ከአሜሪካ የመጣ ዘመዴ በዚህ ነገር ሊመጻደቅብኝ ነበር። «እኛ አገር ቻናል ካትፊሽ ለመያዝ በቆሎና ስንዴ በባልዲ ዘፍዝፈን፣ ኮምጥጦ እስኪሸት አቆይተን ውኃው ላይ እንበትናለን፤ ጥበብ ነው» አለኝ። ጥበብስ ጥበብ ነው፣ ወንድምዓለም፤ ግን እትዬ ጠላውን ጠምቀው የተረፋቸውን በየሳምንቱ ለላም ይደፉታል። የናንተ ባልዲ የኛ እንስራ መሆኑ ነው። የሱ ዓሣ ከእኛው አምባዛ ጋር በዘር አንድ ቤተሰብ እንኳ አይደለም፤ ቅርፊት የሌለው፣ ጢማም፣ ሽታ ተከታይ በመሆን ግን አንድ ናቸው።

አደራረጉ እንዲህ ነው። አተላውን ከፎገራ ጥቁር ዋልካ ጋር ታሸዋለህ፣ በጡጫህ ልክ ድቡልቡል ታደርገዋለህ። ዋልካው ይዞት ይሰጥማል፣ ታች ቀስ እያለ ይፈታል። እንዲሁ ከደፋኸው ላይ ላዩን ተንሳፍፎ ንፋስ ይወስደዋል። ጀልባህን በፊትም በኋላም በድንጋይ አስረህ አቁመው፤ አንድ ድንጋይ ብቻ ከሆነ ጀልባው ይሽከረከራል፣ ክርህም ይጠላለፋል። ድቡልቡሉን ውኃው ከሚመጣበት ወገን ጣል፣ መንጠቆህን ውኃው በሚሄድበት ወገን አውርድ። ሽታው መንጠቆህን አልፎ ይሄዳል፤ አምባዛውም እሱን ይዞ ሲመጣ ከመንጠቆው ጋር ይገናኛል።

እዚህ ላይ የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው። አተላውን ባንዴ ይደፉና «መጥቶ አልነካም» ይላሉ። ጠግቦ ሄዶ ነው! ትንሽ ትንሽ ነው የሚጣለው፤ ጠርተኸው ሳታጠግበው። መንጠቆው ላይ የሚሰካውም ሽታ ያለው ይሁን፤ የመሬት ትል፣ የበግ አንጀት ቁራጭ፣ የትንሽ ዓሣ ሥጋ። የመንጠቆውን ጫፍ በሥጋው አትቅበረው፣ ብቅ ይበል። አመሻሽ ላይ ውጣ፤ አምባዛ ጨለማ ይወዳል። ክሩ ሲነካካ ወዲያው አትሳብ። በጢሙ እየቀመሰ ነው። ክሩ ወጥሮ መሄድ ሲጀምር ያኔ ቀና አድርገው። ሜትር የሚያልፍ አምባዛ አለና ክርህ የዋዛ አይሁን።

ሲወጣም ዝም ብለህ አትጨብጠው። ገላው ልስልስና አንሸራታች ነው፣ ከጭንቅላቱ ኋላ በግራና በቀኝ የተሰወረ እሾህ አለው፤ እጅ ይበሳል። ከእሾሁ ኋላ ነው የሚያዝ። ደግሞ ከውኃ ወጣ ብለህ ሞተ አትበል፤ ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት ሌላ ብልት ስላለው ጀልባ ላይ ረጅም ሰዓት በሕይወት ይቆያል። ጭንቅላቱን መትተህ ቶሎ ገላግለው። ሲንፈራገጥ እንዲያድር የሚተወውን ሰው እኔ ዓሣ አጥማጅ አልለውም።

ትንሽ ከሆነ? መንጠቆውን አውጥተህ መልሰው። ብርብራ ይህን አያደርግልህም፤ መረብም እምብዛም አያደርግልህም። መንጠቆ ግን «ይህን ልውሰድ፣ ይህን ልተው» የሚል ሰው ከጫፉ አለው።

«ታንኳና መንጠቆማ የወይጦ ሥራ ነው!»

ነው እንጂ! ደንገሉን አጭዶ፣ አድርቆ፣ አስሮ ታንኳ የሠራልህ፣ ጉማሬ የት እንደሚውልና አምባዛ የት እንደሚያድር የሚያውቅ የነገደ ወይጦ ሰው ነው። ጉማሬ በላህ፣ አምባዛ በላህ ብለው ስንት ዘመን ከማዕድ አራቁት። ዛሬ አምባዛው ገንዘብ ሲያወጣ፣ ያው አፉን የሚያጣምምበት ሰው መረብ ገዝቶ ከቦታው ሊገፋው መጣ። ደንገሉም በእርሻ እየተመነጠረ አለቀበት። በዚህ ነገር ተረብ አልችልበትም፤ ያመኛል። ዕውቀቱን ከፈለግህ በአክብሮት ሂድና ጠይቀው፣ ሲያስተምርህም «ጌታዬ» በለው።

«ቅርፊት የለውም፤ አይበላም።»

ባትበላው መብትህ ነው፣ ኦሪት ዘሌዋውያንን ጠቅሰህ ብትተወው አከብርሃለሁ። ነገር ግን የማትበላውን ዓሣ ብርብራ አድርገህ መግደል የትኛው መጽሐፍ ላይ ተጻፈ?

«እሺ፣ አሸነፍከኝ። በል መቼ እንውጣ?»

ዝናቡ ካበቃ፣ የፎገራ ሜዳ ውኃ ከሸሸ በኋላ። በክረምት አምባዛውም በጎርፉ ሜዳ ላይ ሣር ውስጥ እየወለደ ነውና አንነካውም። አተላውን ከእትዬ ለምነህ አምጣ፣ ዋልካውን እኔ እቆፍራለሁ። ጉማሬ አጠገባችን ከተነፈሰ ዓሣውን ትተን ወደ ዳር እንቀዝፋለን፣ አትከራከረኝ። ከረጢትህ ውስጥ ብርብራ ካገኘሁ ግን ከታንኳዬ ወርደህ በእግርህ ወደ ወረታ ትመለሳለህ።